የፖርት አንቶኒዮ አደራ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለታናሽ እህቴ አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሰው አምቻለሁ፣ ጾም ገድፌያለሁ፣ ሺፍት ይዞኝ ቅዳሴ ቀርቻለሁ እያልኩ ጥቃቅኑን ሁሉ ስዘከዝክ፣ ይህችን ግን በጥርሴ ይዤ እመለሳለሁ። እሳቸውም ጎበዝ ነሽ ይሉኛል። ዛሬ ለእናንተ ልናገር። አታውቁኝም፣ ፊቴንም አታዩትም፤ እሱ ራሱ ትንሽ ድፍረት ይሰጣል።

አንድ አደራ ተቀበልኩ፤ በላሁት። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩንም የምነግራችሁ የበደልኳቸውን ሰዎች እንድታውቋቸው ብዬ ነው። እነሱን ሳታውቁ ብትፈርዱብኝ ፍርዱ ይቀለኛል፤ እንዲቀለኝ ደግሞ አልፈልግም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን፣ አስኮት ቬል በሚባል ሰፈር ኮሚሽን የሚሉት የመንግሥት ኪራይ ፎቅ ውስጥ ነበር የምንኖረው፤ እኔ፣ ባሌና ያን ጊዜ ገና ትምህርት ቤት የገባችው ልጃችን ሜሮን። ባሌ ታክሲ ይነዳል። እኔ ያራቪል አንድ ብስኩት ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ልብሴም ፀጉሬም ቫኒላ ቫኒላ ይላል። ታናሽ እህቴ ሶስና ማያሚ ትኖራለች። ያገባችው ሰው የቱሪስት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው፤ መርከቡ ደግሞ ለሠራተኛ ዘመድ በቅናሽ ትኬት ይሰጣል። ነይና አብረን እንሂድ አለችኝ። በጭነት መኪና ሸራ ሥር ተኝቼ ሱዳን የገባሁ ሰው ለመዝናናት ብዬ መርከብ ልሳፈር? ሳቅሁባት። እሷ ግን ቡክ አድርጋ ደወለች። ባሌም ሂጂ፣ ሜሮንን እኔ አያታለሁ አለ። ያጠራቀምኩትን ሆሊዴይ አውጥቼ ሄድኩ።

የመርከበኛ ሚስት የሆነችው ሶስና ገና ወደቡን ሳንለቅ ማስታወክ ጀመረች። እኔን የጭነት መኪናው አሠልጥኖኝ ነው መሰለኝ ምንም አልሆንኩም፤ ያገኘሁትን እየበላሁ ባሕሩን አያለሁ። አንድ ዓርብ ጠዋት ጃማይካ ሰሜን ዳርቻ ላይ ፖርት አንቶኒዮ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ደረስን። የምንቆየው እስከ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው ተባለ። ሶስና ካልጋዬ አልነሳም አለች። ብቻዬን ወረድኩ።

ወደቡ በር ላይ አስጎብኚዎቹ እንደ አውቶቡስ ተራ ወያላ ይሻማሉ። አንዱ እጄን፣ አንዱ ቦርሳዬን ሲል፣ ራቅ ብሎ መኪናው ላይ የተደገፈ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ አንድ ቀጭን ሰው አየሁ። እውነቱን ልናገርና የመረጥኩት መኪናውን ነው። ላዳ ነበር። ቀለሙ ቀይ ሆነ እንጂ ያው የአዲስ አበባው ላዳ፣ ያው በሩ ሁለት ጊዜ ካልተጠረቀመ የማይዘጋው። እዚያ ድረስ ሄጄ ላዳ ካገኘሁ ምን ላድርግ? ገባሁ።

የሰውየው ስም ኤርል ነው። አጭር ጉብኝት ሊያስጎበኘኝ፣ መርከቡ ሳይነሳም ሊመልሰኝ ተስማማን። ከተማዋ ሁለት ወደብ አላት፤ በመሐላቸው ረዘም ብሎ ባሕሩ ውስጥ የገባ ኮረብታ አለ፤ ኮረብታው ላይ የእንጨት በረንዳ ያላቸው አሮጌ ቤቶች ተደርድረዋል። የሰዓት ማማ ያለውን ፍርድ ቤት አሳየኝ። ሴቶች ቃሪያና ዝንጅብል የሚሸጡበትን ገበያ አሳየኝ። ድሮ ሙዝ የሚጫንበትን የወደቡን ጫፍ አሳየኝና፣ አባቱ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ሙዝ ሲሸከም እንደኖረ ነገረኝ። ከከተማው ወጣ ሲሉ ባሕር ዳር ዓምዶቹ ብቻ የቀሩ ትልቅ ፍርስራሽ አለ። አንድ ሀብታም ያሠራው ቤት ነው፤ ሲሚንቶውን በባሕር ውኃ ስላቦኩት ፈረሰ ይባላል። ኤርል ይህን አወራልኝና፣ እውነት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፣ ቱሪስት ስለሚወደው ነው የምናገረው አለኝ። ሰውየው ለእንጀራው እንኳ መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነበር። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ከየት ነሽ ሲለኝ ከአውስትራሊያ፣ ከሜልበርን አልኩት። አዲስ ፓስፖርት ነበረችኝ፤ ልኮራባት አማረኝ መሰለኝ። በመስታወቱ አየኝና ከዚያ በፊትስ አለኝ። ከኢትዮጵያ አልኩት። ላዳውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ።

«እህቴ፣ ከአሁን በኋላ ሂሳብ የለም» አለኝ። «ፈቃድሽ ከሆነ እናቴ ጋ ልውሰድሽ።»

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጃማይካ ገብታ ስታስተምር መጀመሪያ ከተጠመቁት ውስጥ እናትና አባቱ ነበሩበት። የአባትየው ስመ ክርስትና ገብረ ሥላሴ ነው። ኤርል ስሙን ሲጠራው እያንዳንዱን ፊደል ተጠንቅቆ ነበር፤ እኔ የገዛ ስሜን እንደዚያ ተጠንቅቄ ጠርቼው አላውቅም።

ቤታቸው ከኮረብታው ጀርባ ነው። እዚያ አገር ሰው በገዛ ግቢው ይቀበራል። የአባትየው መቃብር ከቤቱ ጎን፣ ሙዝ ተክሉ ሥር፣ ኖራ ተቀብቶ ዙሪያውን ትልልቅ ዛጎል ተደርድሮበታል፤ ከላይ ሻካራ፣ ውስጡ ሮዝ የሆነ ዛጎል። ምንድነው አልኩት። አያቶቻችን በባሕር ስለመጡ መቃብራችን ላይ የባሕር ነገር እናደርጋለን አለኝ።

እናቱ ሚስ አይቪ ይባላሉ። ነጭ ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ኤርል ጆሯቸው ሥር አንድ ነገር ሲላቸው ብድግ አሉ፤ እጄን ይዘው ግንባራቸው ላይ አሳረፉት። ደነገጥኩ። ተዉ እንጂ እማማ አልኳቸው። እማማ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ሚስ አይቪ ብላቸው አልሰማ አሉ። ምሳ ቀረበ። ጎመን የሚመስል ቅጠል በኮኮናት ወተት ተሠርቶ፣ ፍም ላይ የተጠበሰ ዳቦ ዳቦ የሚል የዛፍ ፍሬ። ዓርብ ስለሆነ የጾም ነው፣ አንቺም እንደምትጾሚ አውቃለሁ አሉኝ።

ዓርብ! እኔ ጠዋት መርከቡ ላይ እንቁላል በቋሊማ ጠርጌ ነው የወረድኩት። አዎ እማማ፣ እጾማለሁ አልኩ። የመጀመሪያዋ ውሸቴ ይህች ናት። ትንሽ ናት አይደል? እኔም ያን ጊዜ ትንሽ ናት ብዬ ነበር። ግን ለሁለተኛዋ በር የከፈተችላት እሷ ናት።

ስንበላ ስለ ባለቤታቸው አጫወቱኝ። ሙዝ እየተሸከሙ፣ አንድ ቀን ኢትዮጵያን አያለሁ ሲሉ ኖረው ሳያዩ ሞቱ። ይህን ሲሉ ተነስተው ወደ መቃብሩ ሄዱ፤ ኤርልም ደግፏቸው ሄደ። ጎንበስ ብለው አፈር በእጃቸው ቆንጥረው ትንሽ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አደረጉ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ነጭ ሻርፕ ጫፍ ቀደው ጠቀለሉበት። ይዘውት መጡ።

«እሱ መሄድ አልቻለም» አሉኝ። «አገርሽ ስትገቢ ይህን ቅበሪልኝ። ብቻውን እንዳይሆን ከራስሽ ሰዎች አጠገብ አድርጊው።»

እንደማልችል አውቅ ነበር። እዚያው በረንዳው ላይ አውቅ ነበር። አውስትራሊያ አፈር ይዞ መግባት እንደማይቻል የማያውቅ ሐበሻ አለ? ከሱዳን የገባሁ ቀን የአክስቴን ምስርና ተልባ ከፊቴ አንስተው የጣሉብኝ ሰዎች፣ ጫማ ላይ የተጣበቀች ጭቃ እንኳ የሚያስጠርጉ ሰዎች፣ የመቃብር አፈር ያሳልፉልኛል? እማማ፣ አልችልም ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው።

ግን የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ማዕዳቸውን በልቼ፣ ተመርቄ፣ እማማ ብዬ፣ እንቢ የሚል አፍ ከየት ይምጣ? ይሉኝታ ያዘኝ ልበል? ስንት ዓመት ሙሉ ለራሴ እንደዚያ ስል ኖርኩ። ስመረምረው ግን ይሉኝታ ብቻ አልነበረም። ብስኩት ፋብሪካው ውስጥ ስሜን በትክክል የሚጠራ አንድ ሰው የለም። እዚያች በረንዳ ላይ ግን የተላክሁ ሰው ሆንኩ፤ ስጠበቅ የኖርኩ ሰው ሆንኩ። ያችን ክብር መልሼ መስጠት አቃተኝ። ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ። የሰማይ የምድር አደራ ይሁንብኝ አልኩ፤ ያውም በአማርኛ። ምን ማለት ነው ሲሉኝ ደግሞ ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። ማን ግድ አለኝ? ማንም። ስልኬንም ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ሌባ አድራሻውን ትቶ ሲሄድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ኤርል ወደ መርከቡ ሲመልሰኝ ሂሳብ እንቢ አለ። በሩን ሁለት ጊዜ ጠረቀመልኝ፤ መርከቡ እስኪነሳም ላዳውን ተደግፎ ቆመ።

ሶስና በዚያው ዓመት ለፋሲካ አዲስ አበባ ልትሄድ ትኬቷን ቆርጣ ነበር። ሰማችሁ? ልትሄድ ነበር። ካቢናችን ውስጥ ተጋድማ ከፖርት አንቶኒዮ ምን ገዛሽ አለችኝ፤ ምንም አልኳት። ቆርቆሮው ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። እንኪ፣ ይህን ውሰጂልኝ ብላት ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ትስቅብኛለች ብዬ ፈራሁ። ሶስና የማታውቂውን ሰው መቃብር ይዘሽ ትዞሪያለሽ ብላ ለወዳጅ ዘመዱ ሁሉ ታወራው ነበር። ሳቋን ፈርቼ የሰው አባት አፈር ይዤ የማይገባበት አገር በረርኩ።

ቱላማሪን፣ የሜልበርን ኤርፖርት ስደርስ የያዝሽውን ተናገሪ የምትለዋን ካርድ ሰጡኝ። አፈር የሚለውን ቃል አየሁት። ዲክሌር ባደርግ ምን ይመጣ ነበር? ምናልባት ለእህትሽ መልሰሽ ላኪው ይሉኝ ነበር፤ ምናልባት ሌላ መንገድ ያሳዩኝ ነበር። አላውቅም፤ አልጠየቅሁማ። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሳይ መሸሽ ይቀናኛል፤ የሱዳን ድንበር ትቶብኝ የሄደ ነገር ነው። ይህም ቢሆን ሰበብ አይሆነኝም፤ እዚያ የቆመችው ልጅ ፈገግታዋ ከፊቷ የማይጠፋ ወጣት ነበረች። ሰልፉ ሳይደርሰኝ፣ የተከለከለ ነገር የሚጣልበት ትልቅ ማጠራቀሚያ አጠገብ ስደርስ፣ ዘወር ዘወር ብዬ አየሁና ጣልኩት። ቆርቆሮው ከታች ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ ኳ አለ። ውጭ ባሌና ሜሮን ይጠብቁኛል። ሜሮን ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን መሳቅ እንዴት ቻልኩ?

እስከዚህ ድረስ ፈሪ ነበርኩ በሉኝ። ቀጥሎ ያለው ግን ፍርሃት አይደለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ስልክ ጮኸ። ሜሮን አነሳችና ሰጠችኝ። ኤርል ነበር። እናቱ ታመዋል፣ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠዋል። ከአልጋቸው ሆነው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገብረ ሥላሴ ገባ ወይ? ኤርል ያስቸገርኩሽ መሰለኝ እያለ ይቅርታ ይጠይቀኛል፤ እኔን ይቅርታ ይጠይቀኛል!

«ገብቷል» አልኩት። «ደብረ ዘይት፣ ከእናቴ አጠገብ ቀብሬዋለሁ።»

ያን ጊዜ እኔ ከአገሬ ከወጣሁ ኢትዮጵያን ረግጬ አላውቅም። እናቴም የሞተችው እኔ ሱዳን ሳለሁ ነው፤ መቃብሯን አይቼው አላውቅም። ውሸቴን እናቴ አጠገብ ነው የቀበርኩት። ሜሮን ማንኪያዋን እንደያዘች፣ «ማም፣ መቼ ሄድሽ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ለወትሮው ትልልቁን ነገር የምናወራው በአማርኛ ስለሆነ ብዙ አይገባትም፤ ይህን ግን ከኤርል ጋር በእንግሊዝኛ ስላወራሁት ከጥግ እስከ ጥግ ሰምታዋለች። ዝም ብለሽ ብዪ አልኳት።

ኤርል ስልኩን እናቱ ጆሮ ላይ አደረገው። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከዚያ ካህኑ ባስተማሯቸው አማርኛ፣ ቃሉን ቆጥበው ቆጥበው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። በዚያው ሳምንት አረፉ።

አንዳንድ ሰው ደግ አደረግሽ፣ በሰላም ሸኘሻቸው ሊለኝ ይችላል። እኔም ራሴን እንደዚያ ላባብል ሞክሬያለሁ። ግን አስቡት። ሴትየዋ የመጨረሻ ምስጋናቸውን ለእግዚአብሔር የሰጡት እኔ በፈጠርኩት ነገር ላይ ነው። እሱን በምን እመልሰዋለሁ?

ኤርል ከዚያ ወዲህ የእኛ ገና በመጣ ቁጥር ይደውላል። አመሰግናለሁ፣ እናቴ በሰላም አረፈች፣ በአንቺ ምክንያት ነው ይለኛል። ዓመት በዓል መጣ ሲባል ሰው ዶሮ ይገዛል፤ እኔ ስልኩን እያየሁ እውላለሁ። ግን ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፤ ያን ስልክ እወደው ነበር። ባሌ ወገቡን ታሞ ታክሲውን ያቆመ ዓመት፣ እዚህ ያለው ዘመድ ሁሉ በሥራ ተወጥሮ ሲጠፋ፣ ከዓለም ማዶ በየሳምንቱ እየደወለ እንዴት አደረ የሚለኝ ኤርል ነበር። እናቱ መቃብር ላይ ሻማ እንዳበራለት ነገረኝ። ባሌ ዳነ። ሰንሻይን ዌስት ይህችን ቤት ስንገዛ መጀመሪያ የነገርኩት ለኤርል ነው። እንደዚህ ያለ ወንድም አገኘሁ፤ ያገኘሁት ግን በሰረቅሁት ነገር ነው። ለእሱ ያለኝ ምስጋና እውነት ነው፤ እውነት ስለሆነም ይበልጥ ያመኛል።

ከዚያ አንድ ቀን በደስታ ደወለ። ከቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ጋር ኢትዮጵያ ሊሄድ ነው። ሻሸመኔ ይደርሳሉ፤ መንገዱም በደብረ ዘይት ያልፋል። ከእናቱም መቃብር አፈር ይዞ አባቱ አጠገብ ሊያደርግ ነው። ቦታው የት ነው? እዚያው ብናገር ምን ነበረበት? የቤተ ክርስቲያኗን ስም ነገርኩት፤ ሐይቁ አጠገብ ያለችዋን። ያጎቴንም ስም ሰጠሁት። ጋሼ ታደሰ በአየር ኃይል መካኒክ የነበሩ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቁ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ መቃብሯን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ደወልኩላቸው። እንግዳ ይመጣል፣ ደህና አድርገው ይቀበሉልኝ አልኳቸው። ዋሹልኝ ልላቸው ነበር። ጋሼ ታደሰን የምታውቁ ብትሆኑ ለምን እንዳላልኩ ይገባችሁ ነበር።

ያን ሰሞን ብስኩቱ በማሽኑ ላይ ሲያልፍ እያየሁ የማስበው ኤርል እዚያ ቆሞ ነው። በመጨረሻ ደወለ። እህቴ፣ ደርሼ ተመለስኩ አለኝ። አባቴም እናቴም ከእናትሽ ጋር ናቸው፣ አጎትሽም መልካም ሰው ናቸው፣ አመሰግናለሁ አለኝ። ድምፁ ውስጥ ምንም የተለየ ነገር የለም። አልታወቀብኝም ብዬ ጧፍ ገዝቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አዎ፣ ስላልተያዝኩ ጧፍ አበራሁ። ይህንንም ጻፉልኝ።

ባለፈው ዓመት እግዚአብሔር ፈቅዶ አገሬ ገባሁ። ደብረ ዘይት ስደርስ ጋሼ ታደሰ በሽበት ተሸፍነዋል። አቀፉኝ፤ ግን ውኃ እንኳ ሳልቀምስ እናትሽ ጋ እንሂድ አሉኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ያለው መቃብር ሁሉ ሣር ውጦታል፤ የእናቴ ግን ፀድቷል፤ ድንጋዩ ቀና ተደርጓል። ራስጌዋ ላይ ሁለት ትልልቅ ዛጎል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ውስጣቸው ሮዝ ነው። የሰፈሩ ልጆች ጆሯቸው ላይ እየደቀኑ ባሕር ይሰማሉ አሉኝ ጋሼ ታደሰ።

ከዚያ ነገሩኝ። ኤርል መጥቶ አባቴን የት ጋ ነው የቀበረችው ብሎ ጠይቋቸዋል። እሳቸውም ምንም ሳያውቁ፣ እሷማ ከወጣች ወዲህ እግሯ አገሩን ረግጦት አያውቅም ብለውታል። ያን ጊዜ ኤርል ከእናቴ መቃብር ጎን መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ጋሼ ታደሰም ምን ጥፋት እንዳጠፉ ሳይገባቸው አብረውት ተቀመጡ። ሲነሳ ዶማ አለ ወይ አለ። እናቴ ላይ የበቀለውን ሣር ሁሉ ነቀለ፤ ያዘመመውን ድንጋይ አቀና። ከዚያ የያዘውን አፈር አውጥቶ፣ እናትና አባቴ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የተኙት፣ እስከ ዛሬ አፈራቸው ተቀላቅሏል፣ ይህ የሁለቱም ነው አለና ቀበረው። አንዱን ዛጎል ለእናቱ፣ አንዱን ለአባቱ አስቀመጠ። ሲሄድ ጋሼ ታደሰን ለመናቸው፤ መጠየቄን አይንገሯት፣ ታፍራለች አላቸው።

ጋሼ ታደሰ ይህን ተናግረው ሲጨርሱ ከዘራቸውን ተደግፈው አዩኝ።

«ዘውዴ» አሉኝ፣ «አደራ በላሽ?»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሌላ አልጠየቁኝም፤ እስክነሳ ድረስም ጥለውኝ አልሄዱም።

እናቴ መቃብር ላይ ያለቀስኩት ለእናቴ ነው ብል እዋሻለሁ። አባቱን የጣልኩበት ሰው እናቴን ሣር ነቅሎላታል። እኔ ልጇ ያላደረግሁትን አደረገ፤ ከእኔ ምንም ሳይቀበል፣ ያውም ባወቀበት ሰዓት አደረገ። ቢሰድበኝ እችለው ነበር። ስልኩን ቢዘጋብኝ እችለው ነበር። ለቱሪስት እንኳ መዋሸት የማይሆንለት ያ ሰው፣ እንዳላፍር ብሎ ውሸቴን አብሮኝ ተሸከመ።

ከዚያ በኋላ በመጣው ገና ደወለ። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ላዳዋ እንዴት ናት አልኩት። ሳቀ፤ በሯ አሁንም ሁለት ጊዜ ነው አለኝ። ስለ ሜሮን ትምህርት ጠየቀኝ፤ ስለ ሙቀቱ አወራን። ስልኩን ስዘጋ ሜሮን በር ላይ ቆማለች። አሁን ከእኔ በላይ ረዝማለች። ያቺ የቁርስ ሰዓት ጥያቄዋ መልስ እንዳላገኘች አልረሳችም፤ እኔ ሳልነግራት የቀረውን ራሷ ገጣጥማዋለች።

«ማም፣ ጀስት ቴል ሂም» አለችኝ፤ በቃ ንገሪው ማለቷ ነው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የጣልኩት የእናንተን አባት አይደለም፤ ይቅር ብትሉኝ የሰው ገንዘብ መስጠት ይሆንባችኋል። እሱስ ይቅር ብሎኛል፤ ማለቱንም ሁለት ዛጎል ይመሰክርለታል። የቀረው እውነቱን ከእኔ አፍ መስማት ነው፤ ይህን ያህል ዓመት የነፈግሁት እሱን ነው። ለእናንተ የነገርኳችሁም አፌ ቃሉን እንዲለምደው ነው።

ገና ደርሷል። ዘንድሮ እሱ እስኪደውል አልጠብቅም፤ እኔ ነኝ የምደውለው። ስለ ላዳዋ አልጠይቅም። ኤርል፣ አባትህን አገሬ አላስገባኋቸውም፣ ሜልበርን ኤርፖርት ቆሻሻ ውስጥ ጥያቸዋለሁ እለዋለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ የሚለኝን እሰማለሁ።